ማንበቤን የመሰከሩ ሦስት አውራ ጣቶች

ፊደል የቆጠርኩት ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ ጢሜ ላይ ሽበት ብቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን የምናገረው "ጎበዝ" እንድትሉኝ አይደለም። ጎበዝ መባል አልወድም። ጎበዝ የሚለኝ ሰው ከዚያ በፊት ደንቆሮ ነው ብሎ ያሰበኝ ሰው ነው።

የተወለድኩት ወደ ማጂ በኩል ነው። ሚዛን ተፈሪ የወረድኩት የነጋዴ በቅሎ እየነዳሁ ሲሆን፣ እዚያው ቀርቼ የቡና ጆንያ ከመጋዘን ወደ መኪና ስሸከም ኖርኩ። ኋላም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ተሸካሚ ፈልጎ ቀጠረኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። በከተማችን ያኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እርጥበት የላሰው ግድግዳ፣ በር ላይ የሚንቆራጠጥ ባለጉዳይ።

በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሲመጣልኝ ይዤ ሰው ፍለጋ እዞራለሁ። የተማረው ሰውዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑን ከላይ እስከ ታች ያስኬድና "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል" ብሎ ይመልስልኛል። ያ ሁሉ መስመር በሰላምታ ብቻ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ግን ምን አባቴ ላድርግ? አንባቢዬ ለእኔ ይበቃዋል ያለውን ቆንጥሮ ነው የሚሰጠኝ። የእናቴን ሞት እንኳ አንዱ "ትንሽ አሟታል" ብሎ አንብቦልኝ፣ ከርሜ ከመንገደኛ አፍ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ ማንበብ እማራለሁ። ሁለተኛ፣ ለሰው ካነበብኩ ያለውን ሁሉ አነባለሁ፤ ያልቅስ፣ ይሳቅ፣ የራሱ ጉዳይ ነው።

የማታ ትምህርት ገባሁ። ቂጤ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ አልበቃ እያለው፣ ጆንያ የለመደው እጄ እርሳሱን እየሰበረ ተማርኩ። ማንበብም መጻፍም ቻልኩ። ሰርተፍኬት ሊሰጠን ቀን ከተቆረጠ በኋላ መንግሥት ተለወጠ። አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሄደ፣ ክፍሉ ተዘጋ፣ ወንበሮቹ እንኳ የት እንደገቡ አልታወቀም። እኔ ግን ፊደሉን ይዤ ቀረሁ። ያኔ ወረቀቱ መቅረቱ ግድ አልሰጠኝም። መንግሥት የተለወጠው ከጭንቅላቴ ውጭ ነው።

ዓመታት አልፈው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ፣ ማኅደር የሚያነሳና የሚያወርድ ጉልበተኛ ተፈለገና እኔን አስገቡኝ። መዝገብ ቤት ማለት ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለ፣ መስኮቱ ወደ ሙዝ ተክል የሚያይ ክፍል ነው። ከየወረዳው የመጣ የሠራተኛ የግል ማኅደር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት፣ የቅጣት፣ የዝውውር፣ የሕመም ፈቃድ፤ የሰው ዕድሜ በካርቶን ተጠርዞ። እኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ቆሞ አያውቅም። ወረቀቱ ይላቁጣል፣ ሻጋታ አረንጓዴ ያለብሰዋል፣ ምስጥ ከታች ይጀምራል። ሌላ ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። እኔ በሌላው ነገር ሁሉ አማራሪ ነኝ፤ ባለቤቴን ጠይቋት። በዚያ ክፍል ግን አንድም ቀን አላማረርኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስፈራኝ የኖረ ወረቀት እንደ በግ ተሰልፎ የሚጠብቀኝ እዚያ ነበር። በሩን ስከፍት ደስ ይለኛል። ይኸው ነው።

አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራን። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ግን በክራባት የሚበልጥ ሰው፣ ተነስቶ "ማኅደሩ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ከእንግዲህ ፋይል ፍለጋ አቧራ መብላት የለም" አለ።

"አቧራውን ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ምን አድርጎኝ?" አልኩ።

ሰው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። "ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ለውጥ ሲባል ሆድህን ያምሃል" አለ።

ውሸት አልተናገረም፣ ያመኛል።

ማሽኑ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ፣ በሁለት ፍራሽ መሀል ታቅፎ መጣ። ቁም ሣጥን ያህላል። ሰርቨር ነው የሚባለው አሉ፤ የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ እናት፣ ሁሉንም ነገር በሆዷ የምትይዝ። ለእሷ ሲባል አንድ ክፍል ታደሰ፣ ወለሉ ሸክላ ተነጠፈበት፣ አየር ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። ጎረቤታችን አማን ከተማ ያለው ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በሙቀት ሲገላበጥ፣ እዚህ ብረት ይቀዘቅዝለታል። ይህንንም በስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። በኋላ ግን ከኃላፊው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም ምክንያት እየፈለገ እዚያ ክፍል ሲገባ አየሁ። እኔም ገብቻለሁ። ጥሩ ይቀዘቅዛል።

ወረቀቱን ወደ ማሽኑ የምታስገባ ልጅ ተቀጠረች። የጌጫ ልጅ ናት። ደጋ ስላደገች የሚዛን ሙቀት ፊቷን ያቀላዋል፣ በማኅደር ክዳን እያራገበች ነው የምትሠራው። ገና በመጀመሪያው ቀን ከመደርደሪያው ያወረድኩላትን ስካነር የሚሉት መስታወት ላይ አድርጋ አነሳች፣ ደግማ አነሳች፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት ነው ወይስ ቂጣ?"

ገጾቹ በእርጥበት ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ስትስባቸው ይቀደዳሉ።

"አንቺ ነሽ የተማርሽው፤ ለምን መፍትሔ አታመጪም?" አልኳት።

"እኔ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው፤ ቂጣ መገንጠል አልተማርኩም።"

ይህቺ ልጅ መልስ አታጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት፤ እንዳልነገርኳት ግን እወቁልኝ።

መፍትሔው የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ጎረቤታችን የቡና ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የወለደው፣ ከሐጅ ከተመለሰ ወዲህ ሁሉም ሐጂ የሚለው ሰው። ወጣት ሳለሁ ጆንያውን የተሸከምኩለትም እሱ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ቡና የሚያሰጣባቸው፣ በእንጨት እግር የቆሙ፣ ወንፊት ሽቦ የተዘረጋባቸው ረጃጅም አልጋዎች አሉት። ወቅቱ ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ተጭኖ ያለቀበት፣ አልጋዎቹ ባዶ የቆሙበት ነበር። በአጥሩ ሥር ሆነን እኔና ልጅቷ ስንጨቃጨቅ ሰምቶ፣ "ቡና በምን ይደርቃል? ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ንፋስ። ወረቀት ከቡና ምን ለየው? አምጡት" አለ።

ኃላፊው መጀመሪያ እምቢ አለ። የመንግሥት ሰነድ የነጋዴ ግቢ ውስጥ! በኋላ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቀዘቅዝ ሲያየው ጊዜ፣ ዘበኛ አብሮ እንዲቆም አዝዞ ፈቀደ።

እነዚያ ሳምንታት በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የተደሰትኩባቸው ናቸው። ጠዋት ማኅደሩን በሸክም እናወጣለን። በየአልጋው የአንድ ወረዳ ሠራተኛ እንደ ቡና ይሰጣል። ከላይ ሌላ ወንፊት ሽቦ እንጭናለን፣ ንፋስ እንዳይወስደው። የሐጂ ቡና ለቃሚ ሴቶች ልማድ ሆኖባቸው እየመጡ ወረቀቱን እንደ ጀንፈል በእጃቸው ያገላብጡታል። "ይሄኛው ገና ነው፣ ይሄኛው ደርሷል" እያሉ ይለያሉ፤ ደርሷል ያሉት ደግሞ በእውነት ደርቆ ነው፣ በጣት ሲመታ ይንኮሻኮሻል። ልጅቷ የደረቀውን እየወሰደች ለማሽኑ ትመግባለች። ማኅደሩ ሁሉ የቡና ገለባ ሸተተ። እስከ ዛሬ ይሸታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ዝናቡ ድንገት ሲመጣ፣ ሐጂ "ሸራ! ሸራ!" እያለ በሽርጡ ሮጠ። ለቃሚዎቹ፣ ልጅቷ፣ እኔ፣ ዘበኛው፣ መኪናውን ሊያጥብ የመጣ ሾፌር ሳይቀር የሸራውን ጫፍ ይዘን ጎተትን። ኃላፊው በመስኮት አይቶን ነበርና ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ መጣ። አንድም ወረቀት አልራሰም። እኛ ግን ውሃ ሆንን። ኃላፊው ከፀጉሩ ውሃ እየጠረገ ሲስቅ ፊት ለፊት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እንዲህም ይስቃል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

እንግዲህ በዚህ ደስታ መሀል ነው የራሴ ማኅደር አልጋው ላይ የተገኘው።

የሌላውን ሰው ሁሉ ፋይል የማወጣው እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ቀን የእኔን ያወጣ ሰው ግን አልነበረም። ልጅቷ ወደ ማሽኑ ስታስገባው አጠገቧ ቆሜ ነበር። በማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሞላ ቦታ አለ፤ የትውልድ ቦታ፣ የቅጥር ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ። የመጀመሪያው ገጽ ተሸካሚ ሆኜ ስቀጠር የተሞላ ነው። ከታች ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራዬ አለ። ከላይ ደግሞ "የትምህርት ደረጃ" ከሚለው ፊት ለፊት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ "ያልተማረ" ይላል።

ልጅቷ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

"ጋሼ፣ ሌላ ማስረጃ የለም? ከዚህ በኋላ የመጣ?"

"የለም።"

"እንዳለ ነው የማስገባው። ያለበለዚያ አይቀበለኝም።"

"አስገቢያ! እኔ ከልክዬሻለሁ?"

"አይደለም ጋሼ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አዲሱን መዋቅር አላየኸውም? ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚጠየቀው ተፈላጊ ችሎታ ቢያንስ ማንበብና መጻፍ ነው። ማሽኑ ያልተማረ ካለ ከመደብህ ያስወጣሃል።"

መዋቅሩን አይቼዋለሁ። በግድግዳ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለ እኔ ነው ብዬ ግን አላነበብኩትም።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ቁጭ በል እስኪለኝ አልጠበቅኩም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሰርኩላር አንስቼ ከደብዳቤው ቁጥር ጀምሬ እስከ ግልባጩ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለፋይናንስ፣ ለኦዲት፣ አንዱንም አልዘለልኩም።

እስክጨርስ ታገሠኝ። "ጥሩ አነበብክ" አለ። "አሁን ይህን በምን ላያይዘው? ድምፅህን በስፒል ላጣብቀው?"

"ሰምተሃል አይደል? አንተ ጻፍልኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ለሠራተኛዬ ልመስክር? ነገ ኦዲት መጥቶ በዘመድ ሠራ ቢለኝስ? ወይ ሰርተፍኬት፣ ወይ በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ፊት ቃላቸውን የሰጡ የሥጋ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ምስክሮች። ሕጉ ይሄ ነው።"

"ባላመጣስ?"

ብዕሩን አገላበጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "ቴፒ ያለው የችግኝ ጣቢያ ጥበቃ ይፈልጋል። ደመወዝህ አይነካም።"

ደመወዜን ማን ጠየቀው? ችግኝ መጠበቅ ነውር አይደለም። ግን ያን በር ሌላ ሰው ሲከፍተው፣ ያን ወረቀት ሌላ ሰው ሲያወርደው አስቡት። ፊደል የቆጠርኩት ችግኝ ላይ ለማንበብ ነው? ሙዝ ተክሉ ፊት ለፊት ያለችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚህ አልሄድም አልኩ። ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም። ለሻጋታው መሰለኝ።

ምስክር ፍለጋ ወደ ቢሮዎቹ ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱ በተማረ ሰው ተሞልቷል፤ ሦስት ሰው ምን ይቸግራል አልኩ። ሒሳብ ሹሙ ሻዩን እየጠጣ አሰበ። "እውነቱን ልንገርህ፣ ፋይል ስታመጣልኝ እንጂ ስታነብ አይቼህ አላውቅም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልማል?" አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ትክክል ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ "እኔ ፍርድ ቤት የሚባል ቦታ ስሜን አላስገባም፣ ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣል" ብላ ታይፕ ማድረጓን ቀጠለች። ሌላው "ነገ ና" አለኝ። ነገ ሄድኩ። "ነገ ና" አለኝ።

ወደ በሩ ስወጣ ዘበኛው ጠራኝ። የድሮ ወታደር ነው፤ አሥር አለቃ እንለዋለን። ሁልጊዜ ከሰዓት ላይ፣ ቀን ያለፈበት ጋዜጣ ከኃላፊው ቢሮ ሲወርድ፣ አጠገቡ ተቀምጬ አነብለታለሁ። እሱ ከጋዜጣው ጋር ይከራከራል፣ እኔ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንደ ወጥ የከሰለው?" አለኝ።

ነገርኩት።

"ታዲያ እኔ የት ሄጄ ነው?"

"አንተ ደግሞ! አንተ ማንበብ አትችል።"

"አልችልም። አንተ ስታነብ ግን ስሰማ ነው የኖርኩት። ጆሮዬ የመንግሥት አይደለም እንዴ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ስታነብ አይቼሃለሁ ሊለኝ የሚችለው ያነበብኩለት ሰው ብቻ ነው። ያነበብኩለት ደግሞ ማንበብ የማይችለው ነው። ሐጂ ቁርኣኑን በዓረብኛ ይቀራል፤ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣለት ግን በአጥሩ በኩል ወደ እኔ ነው የሚዘረጋው። ሦስተኛዋ ሰፈራችን ያለች፣ ገበያ ላይ ሙዝና ጎደሬ የምትሸጥ የቤንች ሴት ናት። እማማ ነው የምላት። ልጇ ዓረብ አገር ናት። ከዚያ የሚመለሱ ልጆች ይዘው የሚመጡትን ደብዳቤ ለዓመታት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ልጇ "ዘንድሮም አልመጣም፣ ቢመችሽ ባይመችሽ ለመምጣት ፈቃድ የለኝም" ብላ ጽፋ፣ እንዳለ አነበብኩላት። እማማ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ ሄደች፤ ለብዙ ጊዜ በመንገድ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣ ግን የመጣችው ወደ እኔ ነው።

ቀበሌ የቀረብንበት ቀን የገበያ ቀን ስለነበር ግቢው በባለጉዳይ ሞልቷል። ሐጂ ነጭ ልብሱን ለብሷል። አሥር አለቃ ጫማውን ቀብቶ እንደ ሰልፍ ቀጥ ብሏል። እማማ የሙዝ ቅርጫቷን ከእግሯ ሥር አኑራ ተቀመጠች፤ እንደጨረሰች ገበያ መሄዷ ነው። የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው። አጠገቡ ቃል የሚጽፍ ጸሐፊ አለ።

ሰብሳቢው በሥርዓቱ ጀመረ። "የትምህርት ደረጃ?"

"የለኝም" አለ አሥር አለቃ።

"የአማርኛ የለኝም" አለ ሐጂ።

"ምንም" አለች እማማ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ እነሱ አየ። "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተ ሦስታችሁ ማንበብ የማትችሉ፣ ይሄ ሰው ማንበብ ይችላል ብላችሁ ልትመሰክሩ ነው የመጣችሁት?"

ከኋላ የተቀመጠው ባለጉዳይ በሙሉ ሳቀ። አለቀ አልኩ በሆዴ፤ ቴፒ፣ ችግኝ።

ሐጂ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ "ሌላ ማን ያውቃል?" አለ። "የሚያነብ ሰው እሱን ምን ሊያደርገው ይፈልገዋል?"

ሰብሳቢው ይህን ትንሽ አላመጠው። "እሺ። ግን ከወረቀቱ እያነበበ ይሁን ከሆዱ እየፈጠረ በምን አወቃችሁ?"

አሥር አለቃ ተነሳ። "ጋዜጣው የሚለውን እኔ ከቀናት በፊት በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። እሱ ዘግይቶ ያመጣዋል፤ አይለውጠውም ግን።"

ሐጂ ቀጠለ። "አንድ ዓመት ቡናዬ በጥራት ወድቋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ‘ሊያዩት ፈልገው ነው ሐጂ፣ ምንም አይደለም’ አለኝ። ይሄ ሰውዬ ብቻ ‘ወድቀሃል፣ ከድንጋይ ጋር ቀላቅለህ ነው ይልሃል’ አለኝ። ሄጄ ጠየቅኩ። እንዳለው ነው።"

"ድንጋዩን ማን ቀላቀለው?" አለ ከኋላ አንዱ ባለጉዳይ። ሐጂ አልሰማሁም አለ።

እማማ ቁጭ እንዳለች እጇን አነሳች። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ግን አይሳሳትም። "እኔ ልናገር። ይሄ ሰው ጎረቤቴ ነው። ብዙ ዘመን። አንድ ቀን ጥሩ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ሙዝሽ በስብሷል ይላል። ልጅሽ አትመጣም ይላል። ምላሱ እሬት ነው።" ሰው መሳቅ ጀመረ፤ እሷ አልሳቀችም። "ወረቀት ሲይዝ ግን ‘እናቴ ናፍቀሽኛል’ ይላል። ‘ጉልበትሽን ስሜያለሁ፣ ዓይኔ አንቺን ሳያይ አይጨልም’ ይላል። ይሄን ጣፋጭ ከየት አመጣው? እሱ ሆድ ውስጥ ጣፋጭ የለም። ከወረቀት ነው ያመጣው።"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰብሳቢው ራሱ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አፌ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ጸሐፊው ቃላቸውን ጽፎ ሲጨርስ የአሻራ ቀለሙን፣ ታምፖኑን፣ አወጣ። "አሻራ ከማድረጋችሁ በፊት ቃላችሁ ሊነበብላችሁ ይገባል" አለና ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል እማማ ከለከለችው።

"አንተን አላውቅህም። እሱ ያንብብልን።"

"እናቴ፣ እሱ እኮ ባለጉዳዩ ነው" አለ ጸሐፊው።

"እሱ ካላነበበ ጣቴን አልሰጥም።"

አሥር አለቃም እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ሐጂ ኮቱን ቆለፈ። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

ቆሜ አነበብኩ። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ መጥፎ ነው፤ ይህንንም ነገርኩት። የአሥር አለቃን ቃል አነበብኩ፣ የሐጂን አነበብኩ። እማማ ጋ ስደርስ "የግለሰቡ ምላስ እሬት መሆኑን፣ በሆዱም ጣፋጭ ነገር አለመኖሩን" ይላል። ጸሐፊው አንዱንም አላስቀረው። ሰው ሁሉ ይዘለው እንደሆነ ብሎ አየኝ። አልዘለልኩም። ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እማማ ራሷን ነቀነቀች። "አዎ። እንዲህ ነው ያልኩት።"

ሰብሳቢው "ይበቃል" አለ። ታምፖኑ ዞረ። ሦስት አውራ ጣቶች ሰማያዊ ሆኑ፣ ሦስቱም ወረቀቱ ላይ ተጫኑ፤ ማኅተሙ ከላይ አረፈባቸው። እማማ ጣቷን በሙዝ ቅጠል ጠርጋ ቅርጫቷን ተሸክማ ወጣች። አመሰግናለሁ ልላት አፌን ስከፍት፣ "ዝም በል፣ ያበላሸዋል" አለችኝ።

ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። የመጀመሪያው ላይ ግንባሩን ቋጠረ፤ ሁለተኛው ላይ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላ አየሁት። ከዚያም ዞሮ "ይያያዝ" ብሎ መራው።

ልጅቷ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስተኛችው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። መብራት መሀል ላይ ጠፋ፣ እንደ ልማዱ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠብቀን እንደገና ሠራነው። "ያልተማረ" የሚለውን አጥፍታ ከተዘረጉት ምርጫዎች "ማንበብና መጻፍ የሚችል" የሚለውን ነካች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ተቀበለ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ስለ ማሽኑም አንድ ነገር ልናዘዝ አልልም፤ ልናገር ልበል። ጠቃሚ ነው። ወረቀቱን ያቃጥሉታል ብዬ ነበር፤ አላቃጠሉትም። ከወረዳ የመጣ ባለጉዳይ በር ላይ ሲንቆራጠጥ የሚውልበት ነገር ቀነሰ፤ ልጅቷ ቁልፍ ስትነካ ቁጥሩ ይወጣል፣ እኔ ሄጄ አወርደዋለሁ። ልጅቷ እንደምትለው እሷ አንጎል እኔ እግር ነኝ። አንጎሉ በሙቀት ሲቀላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉም ነገር ገብቶ ሲያልቅ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መረጃ በአንድ ገጽ ታትሞ ተሰጠው፤ አንብቦ ትክክል መሆኑን እንዲፈርም። የእኔን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ፈረምኩበትም። በብዕር። አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ።

በሚቀጥለው ገበያ እማማን ሙዟ ጎን አገኘኋት። "ማሽኑ ምን አለ?" አለችኝ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላት። የተወለድኩበትን፣ የተቀጠርኩበትን፣ መደቤን፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል የሚለውን። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ጣፋጭ ነገር የለበትም?"

"የለበትም።"

"እንግዲያስ ያንተው ነው" አለችና አንድ ሙዝ ቆርጣ ሰጠችኝ።

በስሎ ያለፈ ነበር። ነገርኳት።